ዘንጉ የሚሞተው ቆሞ ነው

በግንቦት ወር አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ለማሽን ኦፕሬተሮች፣ ለመካኒኮችና ለማሽን ባለንብረቶች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራና ቤተሰብ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከዱከምና ከገላን ለመጣችሁት፣ መንገዱን ስለማውቀው፣ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ስለ ሃይድሮሊክ ብዙ ማውራት ይቻላል። ስለ ፓምፑ፣ ስለ ቫልቩ፣ ስለ ዘይቱ ብናነሳ አይመሽብንም ትላላችሁ? ዛሬ የማነሳው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጃኩ፣ ማለትም ዘይት በግፊት እየገባበት ከሚገፋውና ከሚስበው ሲሊንደር፣ ውስጥ እየወጣና እየገባ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው፣ ክሮም የተለበጠው ዘንግ። በኤክስካቫተር፣ በሎደር፣ በገልባጭ መኪና፣ በፎርክሊፍት፣ በብሎኬት ማሽን፣ በፋብሪካ ፕሬስ ላይ ሁሉ አለ። የምለውንም ከመጀመሪያው ልናገረውና የማይስማማ ሰው ካለ እየተዘጋጀ ያዳምጠኝ። በዚህ አካባቢ የማያቸው የተበላሹ ዘንጎች አብዛኞቹ ሥራ በዝቶባቸው ያለቁ አይደሉም። ቆመው ነው የዛጉት። ከእነሱ ቀጥሎ የሚበዙት ደግሞ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያሽገውን ቀለበት፣ እንቀይራለን ብለን እኛው በእጃችን የገደልናቸው ናቸው።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ ልባጡን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። በተለመደ የጃክ ዘንግ ላይ ያለው ክሮም ውፍረቱ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ስለሚጠጋ፣ ያ ሁሉ የምንመካበት ክሮም የአንዲት ፀጉር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጥንካሬው ግን የሚናቅ አይደለም፤ በቪከርስ መለኪያ ከ850 ተነስቶ 1,000ን ያልፋል። ከሥሩ ያለው ብረት፣ ብዙውን ጊዜ ሲ 45 የሚባለው የካርቦን ብረት፣ ላዩ በኤሌክትሪክ ሙቀት (በኢንዳክሽን) ካልጠነከረ በቀር የዚህን ሲሶ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ቀጭን፣ በጣም ጠንካራ ቆዳ ለስላሳ ሥጋ ላይ ተለብጧል ማለት ነው። መዶሻ ሲያርፍበት ሥጋው ይጎደጉዳል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ልባጡ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ክሮሚክ አሲድና ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ያለበት ገንዳ 55 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ ዘንጉ ይነከርበታል፣ ከባድ ከረንት ይለቀቅበታል። ዘዴው ለኢንዱስትሪ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን በመሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። ክሮሙ ላይ በላይ እየተደረበ ሲሄድ ውስጡ ይወጠራል፤ ውጥረቱን የሚያስተነፍሰውም በመሰንጠቅ ነው። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ ዘንግ በማይክሮስኮፕ ብታዩት በስንጥቅ የተሞላ ነው። በጥርና በየካቲት ወደ ዱከም ስትወጡ መንገድ ዳር ያለውን የመረሬ መሬት አይታችሁት የለ? የዘንጉም ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደዚያው ነው፤ ከላይ ጠንካራ፣ በየመሀሉ የተሰነጣጠቀ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣም ውኃውን በስንጥቁ ወደ ታች የሚያሳልፍ።

ይህ የአምራቹ ስህተት አይደለም። ስንጥቆቹ ዘይት ይይዛሉ፣ የተያዘው ዘይት ደግሞ ጎሚኒውን ያለሰልስለታል። ችግሩ የሚመጣው ስንጥቁ ውስጥ ከዘይት ይልቅ ውኃ ሲገባ ነው። ውኃው እስከ ብረቱ ይወርዳል። ክሮም ራሱ አይዝግም፤ ከብረት ጋር ተነካክቶ ውኃ ሲያገኛቸው ግን የሚበላው ብረቱ ነው፣ ያውም በዚያች በተጋለጠችው ነጥብ ላይ ተከማችቶ። ዝገት ከተወለደበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ከሥር እየገፋ ክሮሙን ያነሳዋል። መጀመሪያ ቡናማ ነጥብ፣ ቀጥሎ እብጠት፣ ከዚያ ጉድጓድ። የጉድጓዱ ጠርዝ ምላጭ ነው፣ ጎሚኒውን በየምልልሱ ይላጨዋል።

እንግዲህ ዘንጉን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሙ ብቻውን ሳይሆን ክሮሙ ላይ ያለው ስስ ዘይት ነው ማለት ነው። ማሽኑ ሲሠራ ይህ ዘይት በየምልልሱ ይታደሳል። ጤነኛ ዘንግ በጣት ሲነካ በጣም ስስ የሆነ እርጥበት ይተዋል፤ ጠብታ ከሠራ ጎሚኒው ደክሟል፣ ጭራሽ ከደረቀ ደግሞ ጎሚኒው እየተቃጠለ ነው። ማሽኑ ሲቆም ግን የሚያድሰው የለም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል።

አሁን ግንቦት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ስንቱ ማሽን እንደሚቆም ታውቃላችሁ። በጀት አልተለቀቀም፣ መሬቱ ጨቅይቷል፣ ፓምፑ ተፈትቶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ከሚያገኘው ከዚህ አገር አብዛኛው ውኃ የሚወርደው በእነዚህ ወራት ነው። ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ተገላገልን እንዳትሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ብረቱ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ጎህ ሲቀድ ዘንጉ ላይ ጤዛ ታገኛላችሁ። ቀን ይደርቃል፣ ሌሊት ይረጥባል። ዝናብ የማይነካው ጣሪያ ሥር የቆመ ማሽንም ከዚህ አያመልጥም።

ኤክስካቫተር ስለማቆም ልንገራችሁ፣ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም አልከፋም። ኦፕሬተሩ ሥራ ሲጨርስ አርሙን፣ ማለትም መቆፈሪያውን ባኬት የያዘውን የፊት ክንድ፣ ወደ ራሱ አጥፎ፣ ባኬቱን ጠቅልሎ፣ ማሽኑን ሰብስቦ ያቆማል። ያምራል፣ ቦታም አይፈጅም። ግን አስቡት፦ አርሙ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የአርሙ ጃክ ዘንግ የሚወጣው እስከ መጨረሻው ነው። ባኬቱ ሲጠቀለል የባኬቱም እንዲሁ። ለዓይን የተሰበሰበው ማሽን ሁለቱን ዘንጎቹን ራቁታቸውን ለዝናብ ሰጥቷል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ተቃራኒውን አድርጉ፤ አርሙን ወደ ፊት ዘርጉት፣ ባኬቱን ክፈቱት፣ ከማሽኑ የሚነሳውን ዋና ክንድ፣ ቡሙን፣ ዝቅ አድርጋችሁ ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፉት። የአርሙና የባኬቱ ዘንጎች ቤታቸው ይገባሉ፣ የቡሙም የሚበዛው ክፍል ይገባል። ጊቢው ከጠበበ ችግር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ከአንድ ዘንግ ዋጋ የጥቂት ሜትር ቦታ ኪራይ ይሻላል። በሎደርና በገልባጭ ነገሩ ይቀላል፤ ባኬቱ መሬት፣ ሳጥኑ ታች።

ውጭ መቅረቱ ግድ የሆነው የዘንጉ ክፍል ግሪስ ይቀባል። ቅብ ስል ግን አቧራና ጭቃ ላይ መለጠፍ ማለቴ አይደለም። በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ይደርቃል፣ ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ይታሻል፣ ከዚያ ግሪሱ ወፈር ተደርጎ ዙሪያውን ይቀባል። ከላይ ላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር የብዙዎች ልማድ ነው፤ እኔ አልወደውም። ላስቲኩ ውስጥ ላብ ይጠራቀማል፣ ጥቅልሉም ስላማረ ማንም ከፍቶ አያየውም። በወር አንድ ጊዜ ሞተሩን አስነስቶ ጃኮቹን ሙሉ ለሙሉ ማመላለስ ያስፈልጋል። ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ግን አሮጌውን ግሪስ ጥረጉት! ወር ሙሉ የቃሊቲን አቧራ ሲለቅም የከረመ ግሪስ ወደ ጎሚኒው ከገባ ዘንጉን በሞረድ ከምንሞርደው በምን ተለየ? ከተመላለሰ በኋላ እንደገና ይቀባል።

ይህን ማን ያድርገው የሚለው ጥያቄ ከቴክኒኩ ይልቅ ይከብዳል። ኮንትራቱ ሲያልቅ ኦፕሬተሩ ሌላ ሥራ ያገኛል። መካኒኩ የሚጠራው ሲበላሽ ነው። ባለንብረቱ ከተማ ነው። ማሽኑ አጠገብ ውሎ የሚያድረው ዘበኛው ብቻ ነው። ለዘበኛው ጨርቅና አንድ ቆርቆሮ ግሪስ ስጡት፣ አንድ ቀን አብራችሁት ውላችሁ አሳዩት፣ ከደሞዙም ላይ ጥቂት ጨምሩለት። በዚህ ሳቅ ያላችሁ ባለንብረቶች አላችሁ፣ አይቻለሁ። ሂሳቡን ቤታችሁ ገብታችሁ ሥሩት።

ሲሚንቶ ያለበት ቦታ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንክሪት ዘንግ ላይ ሲደርቅ የሚመጣው ሰው ወይ መዶሻ ይዞ ነው ወይ አሲድ። መዶሻውን ተናግሬያለሁ። አሲዱ፣ ማለትም ለሴራሚክና ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የሚሸጠው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ይባስ ነው። ክሮም ናይትሪክ አሲድን ይቋቋማል፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ያሟሟዋል። እንዲያውም ልባጭ ቤቶች አሮጌ ክሮም ሲያነሱ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ዘንጉ ተጸዳ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ ልባጡ አብሮ ሄዷል። በረኪናም አሲድ ባይሆን ክሎሪን ስላለበት ይጎዳል፣ አታስጠጉት። ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ በውኃ ይታጠባል፣ ከሥራ በፊት ዘንጉ ዘይት ከተቀባ ደግሞ አይጣበቅም፤ ከዚህ ያለፈ ዘዴ አያስፈልገውም። የላቫጆ ፓምፕ የያዛችሁ ልጆች ግን ውኃውን ዘንጉ ጃክ ውስጥ በሚገባበት አፍ ላይ በቅርብ አታነጣጥሩ፤ ያ ጫና ጠራጊውን ጎሚኒ አልፎ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል።

ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩም አላችሁ። ጥሬ ቆዳ በጨው ተጠብቆ ስለሚመጣ ፎርክሊፍቱም ፕሬሱም ጨው ሲነካው ይውላል፣ ጨው ደግሞ ዝገትን ያፋጥናል። በየፈረቃው መጨረሻ በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት እንጂ በወር አንዴ አይበቃም። አዲስ ዘንግ ስታዙ ከክሮሙ ሥር ኒኬል የተለበጠበትን ጠይቁ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን ኒኬሉ ስንጥቅ ስለሌለበት ውኃው ብረቱ ጋ ሳይደርስ ይገታል። ቆዳው ራሱም በክሮም ነው የሚለፋው፤ የዚያ ክሮም ጨውና የእኛ ዘንግ ልባጥ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው።

አሁን ወደ ጎሚኒው።

ጃክ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር በየጋራዡ የሚሰማው ንግግር አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ጎሚኒው ሄዷል፤ ኪቱን ያምጡልኝና ለነገ ይደርሳል» ይላል ልጁ። ጋሼም መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደው ኪት፣ ማለትም የጎሚኒዎቹን ስብስብ፣ ይገዛሉ። ይቀየራል፣ ለጥቂት ሳምንት ይሠራል፣ እንደገና ያፈሳል። ጋሼ ኪቱ ፎርጅድ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል፣ ገበያው ውስጥ የማይረባ ጎሚኒ ሞልቷል። ሆኖም ጎሚኒው ለምን እንደተበላ ዘንጉን ያየው የለም።

ዘንጉ ግን የደረሰበትን ሁሉ ገጹ ላይ ጽፎታል። በናፍጣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ብርሃን ወደ ጎን አድርጋችሁ እዩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች ካሉበት፣ ጎሚኒው ወይም ዘንጉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መሪ ቀለበት ውስጥ የተሰካ አሸዋ ወይም የብረት ፍቅፋቂ አለ። የሸክላና የአሸዋ ብናኝ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ጥንካሬው ከክሮም ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ለስላሳው ጎሚኒ ይይዘዋል፣ ጠንካራው ዘንግ ይፋቃል። ወገቡ ላይ እንደ ቀበቶ የዞረ የዝገት ነጥብ ካለ ማሽኑ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ከርሟል። አንድ ጎኑ ብቻ ደብዝዞ ወይም ነሐስ መስሎ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከጃኩ ውጭ ነው፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ እየተገፋ አይደለም፣ ወደ ጎን እየተጫነ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ጃክ የተፈጠረው ለመግፋትና ለመሳብ ነው፣ ለመደገፍ አይደለም። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ያሉት ፒኖችና ፒኖቹ የሚዞሩባቸው ቀለበቶች፣ ቦኮላዎቹ፣ በግሪስ እጦት ሲበሉ ክንዱ መወላገድ ይጀምራል፣ ጃኩም ያላዘዙትን የጎን ጭነት ይሸከማል። መሪ ቀለበቱ ያልቃል፣ ዘንጉ ከጃኩ አንገት ብረት ጋር ይገናኛል፣ ብረት ከብረት ጋር ሲተሻሽ ክሮሙን ይቦጭቀዋል። አንድ ቀን በጠዋት የቦኮላዋን ግሪስ ኒፕል የዘለለ ኦፕሬተር ዘንግ እንደበላ አይታወቀውም። ገልባጮችም ዘንድ ያው ነው፤ መኪናው በአንድ ጎን ዘንበል ባለ መሬት ላይ ቆሞ ሳጥኑን ሲያነሳ፣ ያውም እርጥብ መረሬ ከሳጥኑ ጥግ ተጣብቆ አልወርድ ሲል፣ ጃኩ እንዲጣመም እየተጠየቀ ነው። ዘንጉ ይበልጥ በወጣ ቁጥር ለመጣመም ይቀለዋል። ስለዚህ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት ፒኑን ነቅንቁት። የሚነቃነቅ ከሆነ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ሂዱ፣ ሶማሌ ተራ ኋላ ይደረስበታል።

ጃኩን ስትፈቱ ዘንጉን ሞርሳ ውስጥ በእንጨት ወይም በቆዳ መሀል ያዙት። ራቁቱን በቧንቧ መፍቻ የያዘ ሰው በየጥርሱ ልክ ክሮሙን በስቷል። አሮጌውን ጎሚኒ በካቻቪቴ ጎርጉሮ ማውጣትም የተቀመጠበትን ቦይ ይጭራል፤ ጫፉ የዶለዶመ ፕላስቲክ ወይም ነሐስ ይበቃል። ከዚያ በጥፍራችሁ ዘንጉን ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጎሚኒውንም ይይዛል። ጭረቱ ከፍ ያለ ጠርዝ ብቻ ከሆነ፣ ልስልስ ባለ የዘይት መሳያ ድንጋይ ጠርዙን ማስተኛት ይቻላል። የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ዘንጉን ከላይ ወደ ታች መፈግፈግ ግን ይቅር። የጥሩ ዘንግ ሻካራነት ከ0.1 እስከ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ወረቀቱ የሚተወው መስመር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠልቃል፣ ወደ ርዝመቱ ስለሆነም ለዘይቱ መውጫ ቦይ ይሆንለታል።

በያጆችን ሳልነካ አላልፍም። ባኬት ላይ ጥርስ ስትበይዱ የኧርዙን፣ ማለትም የከረንቱን መመለሻ ገመድ፣ መያዣ የምታስሩት ባኬቱ ራሱ ላይ፣ ከምትበይዱበት አጠገብ ይሁን። ሻሲው ላይ አስራችሁት ከበየዳችሁ ከረንቱ በፒኑና በዘንጉ በኩል አቋርጦ ይሄዳል፣ በየመገናኛውም ብልጭ እያለ ዘንጉን ይበሳል። የብየዳ ፍንጣሪም እንዳያርፍበት ዘንጉን በእርጥብ ቆዳ ሸፍኑት። ክሮም ያለበትን ብረት በቀጥታ መበየድ ደግሞ ለሳንባ ነው የሚያሰጋው፤ የሚወጣው ጭስ ካንሰር የሚያመጣውን ስድስት ቫለንስ ያለውን ክሮም ሊይዝ ይችላል። መጀመሪያ ክሮሙን በማሽን አንሱት፣ አየር ባለበት ሥሩ።

ስለ መፍሰሱ «ትንሽ ናት፣ ትንጠባጠባለች» የምትሉኝ አላችሁ። በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ብትወርድ፣ ጠብታዋን 0.05 ሚሊሊትር ብንላት፣ በስምንት ሰዓት ሥራ ወደ ሊትር ተኩል ትጠጋለች። የዘይቱን ዋጋ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግን ስትፈልጓት በእጃችሁ አትዳስሱ። በኤክስካቫተር ውስጥ ግፊቱ 300 ባር ያልፋል፤ ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትም ቆዳም ያልፋል። ካርቶን አስጠግታችሁ ፈልጉ። ዘይት ጣቱን የወጋው ሰው ቁስሉ የመርፌ ያህል ቢሆንና ባያመውም እንኳ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ጣት ብሎም እጅ የሚያሳጣ ጉዳት ነው።

ዘንጉ ካለቀስ? ከጎበጠ በሁለት ቪ-ብሎክ (የቪ ቅርጽ ባላቸው መደገፊያዎች) ላይ አስቀምጣችሁ፣ ጥቃቅን መጣመም በሚያሳይ መለኪያ (ዲያል ጌጅ) እየለካችሁ አዙሩት፣ በዓይን አትፍረዱ። ጉድጓዱ ጥቂት ከሆነና ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነ ክሮሙን አንስቶ፣ ፈጭቶ፣ እንደገና ለብጦ በልኩ መፍጨት ይቻላል። ካልሆነ ክሮም ከተለበጠ ድፍን የብረት ዘንግ (ባር) ተቆርጦ፣ ጫፉ ቶርኖ ላይ ወጥቶ አዲስ ይሠራል። ባሩን ስትገዙ ሲሚንቶ ወለል ላይ እርስ በርሱ ተደራርቦ ከተኛው አትውሰዱ፤ በካርቶን ቱቦ ወይም በወረቀት የተጠቀለለውን ምረጡ። ሁለቱን ጫፎችና መሀሉን በሚክሮሜትር ለኩት። ስትቆርጡት የክሮሙ ጠርዝ እንዳይላቀቅ ቀስ በሉ፣ ጎሚኒው የሚገባበትን ጫፍም በትንሹ አዘንብላችሁ አለስልሱት፤ አዲስ ጎሚኒ በሹል ጠርዝ ላይ ሲገባ ገና ሥራ ሳይጀምር ይቆረጣል።

እኔ ያለኝ ይኸው ነው። ጥያቄውን በወሬ ከምንጀምረው፣ ከኋላ ዘንጋችሁን በጆንያ ጠቅልላችሁ የያዛችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ወደዚህ ጠረጴዛ አምጡትና እየዳሰስነው እንነጋገር። ጆንያውን ሥሩ አንጥፉት፣ ጠረጴዛው ብረት ነው።